ጭቃ በጨው ውሃ ውስጥ ቶሎ የሚዘቅጠው ለምንድን ነው?



ሰሞኑን ስለ ውሃ ማጣራት በተማርንበት ክፍለ ጊዜ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ክፍሉን ሲያከራክር ነበር። ድፍርስ ውሃ ላይ ጨው ሲጨመር ጭቃው ቶሎ ይዘቅጣል፤ ይህ የሚሆነው ለምንድን ነው? ከተማሪው የሚበዛው፣ «ጨው ውሃውን ያከብደዋል፤ የከበደው ውሃ ደግሞ ጭቃውን ተጭኖ ወደ ታች ያወርደዋል» አለ። መልሱ ለጆሮ ደስ ይላል፤ ልክ ግን አይደለም። ነገ በየወረዳው ተመድበን ይህንኑ ይዘን ልጆች ፊት ብንቆም ልጆቹ የተጣመመ ነገር ይዘው ያድጋሉ። አንድ ጊዜ ሥር የሰደደን የተሳሳተ ሐሳብ ከልጅ ጭንቅላት ማውጣት ደግሞ አዲስ ነገር ከማስተማር ይከብዳል። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ እንየው።

መጀመሪያ «ከባዱ ውሃ ይጫነዋል» የሚለውን እንፈትሽ። አንድ ነገር ውሃ ውስጥ የሚሰምጠው እፍግታው ከውሃው እፍግታ ስለሚበልጥ ነው። ውሃው ራሱ ሲከብድ የሚሰምጠውን ነገር ከታች ይደግፈዋል እንጂ ከላይ አይጫነውም። እንቁላል በንጹሕ ውሃ ሰምጦ ብዙ ጨው ባለበት ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ያየ ሰው ይህን አይክድም። የባሕር ውሃ በአንድ ኪሎው ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ከንጹሕ ውሃ የሚከብደው ግን ከመቶ 3 እንኳ በማይሞላ ነው። በዚያ ላይ ከመቶ 7 ያህል ይወፍራል፤ ማለትም ውስጡ የሚንቀሳቀሰውን ነገር ትንሽ አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ ብቻዋን የምትወርድ የአፈር ቅንጣት በባሕር ውሃ ውስጥ በንጹሕ ውሃ ከምትወርደው ይልቅ ቀስ ብላ ነው የምትወርደው። ነገሩ የክብደት ብቻ ቢሆን ኖሮ እኮ ጨው ጭቃውን ማዘግየት ነበረበት! የምናየው ግን ተቃራኒውን ነው።

ምስጢሩ ያለው በቅንጣቷ መጠን ላይ ነው። የአፈር አጥኚዎች ሸክላ የሚሉት ዲያሜትሩ ከ2 ማይክሮን በታች የሆነውን ቅንጣት ነው። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ስለሆነ፣ ትልልቆቹ የሸክላ ቅንጣቶች እንኳ 500 ሆነው ጎን ለጎን ቢሰለፉ ገና አንድ ሚሊ ሜትር ነው የሚሞሉት። ጆርጅ ስቶክስ የተባለው የአየርላንድ ተወላጅ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1851 ባወጣው ሕግ መሠረት የቅንጣት የመውረድ ፍጥነት ከዲያሜትሯ ካሬ ጋር አብሮ ይሄዳል። ዲያሜትሯ በ10 እጅ ቢያንስ ፍጥነቷ በ100 እጅ ያንሳል ማለት ነው።

ሒሳቡን ለ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውሃ ሠርቼዋለሁ። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ዲያሜትሯ 20 ማይክሮን የሆነች ቅንጣት ከላይ እስከ ታች ለመውረድ 5 ደቂቃ አይፈጅባትም። 2 ማይክሮን የሆነችው 7 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ትፈልጋለች። 0.2 ማይክሮን የሆነችዋስ? 32 ቀን! ያውም ውሃው 32 ቀን ሙሉ ንቅንቅ ካላለ ነው። የውሃ ሞለኪውሎች ደግሞ ይህችን የምታህል ቅንጣት ከግራም ከቀኝም እየገፉ ዝም ብላ እንድትወርድ አይተዋትም። ከክረምት ጎርፍ የተቀዳ ውሃ በእንስራ ውስጥ አድሮም ሳይጠራ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ጭቃው ቶሎ እንዲወርድ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተያይዘው መተለቅ አለባቸው። ታዲያ እየተገፉ ቀኑን ሙሉ ሲጋጩ እየዋሉ ለምን አይያያዙም?

የሸክላ ማዕድን እንደ ደብተር ቅጠል በተነባበሩ ስስ ገጾች የተሠራ ነው። ገጾቹ በአብዛኛው ከሲሊከን፣ ከአሉሚኒየምና ከኦክሲጅን የተገጣጠሙ ናቸው። ማዕድኑ በሚፈጠርበት ጊዜ አንዳንዱ የሲሊከን ቦታ ላይ አሉሚኒየም፣ አንዳንዱ የአሉሚኒየም ቦታ ላይ ደግሞ ማግኒዚየም ይገባል። ሲሊከን 4 አዎንታዊ ሙል (ቻርጅ) ሲኖረው አሉሚኒየም 3፣ ማግኒዚየም ደግሞ 2 ብቻ ነው ያለው። በእያንዳንዱ ልውውጥ አንድ አዎንታዊ ሙል ስለሚጎድል ገጹ በጠቅላላው አሉታዊ ሆኖ ይቀራል። በተለይ ስሜክታይት በሚባለው የማዕድን ቡድን ይህ ጉድለት ጎልቶ ይታያል፤ ስሜክታይት ማለት በበጋ ሲደርቅ የሚሰነጠቀው፣ በክረምት ጫማ ይዞ የማይለቀው የእኛው የመረሬ አፈር ዋና ማዕድን ነው። ለሲኒና ለሰሐን መሥሪያ የሚያገለግለው ነጩ ካኦሊናይት ግን ጉድለቱ አነስተኛ ነው።

ተመሳሳይ ሙሎች ይገፋፋሉ፤ ይህን ሁላችንም ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ይዘነው መጥተናል። ነገር ግን ቅንጣቷ ራቁቷን አይደለችም። በውሃው ውስጥ ከሟሙት ጨዎች እንደ ሶዲየምና ካልሲየም ያሉ አዎንታዊ አዮኖችን እየሳበች በዙሪያዋ እንደ ጉም ትለብሳቸዋለች። ሁለት ቅንጣቶች ሲቀራረቡ መጀመሪያ የሚገናኙት እነዚህ ጉሞች ናቸው፤ ጉሞቹ መደራረብ ሲጀምሩ መገፋፋት ይነሣና ቅንጣቶቹ ሳይነካኩ ይመለሳሉ። በሌላ በኩል ማናቸውንም ሁለት አካሎች የሚሳሳብ፣ በሆላንዳዊው ሊቅ በቫን ደር ቫልስ ስም የሚጠራ ኃይል አለ። ይህ ኃይል ጠንካራ የሚሆነው ግን በጣም ሲቀራረቡ ብቻ ነው። ስለዚህ ጉሙ ሰፊ ከሆነ መሳሳቡ ተራ ሳይደርሰው ይቀራል።

ጨው የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። በውሃው ውስጥ አዮን ሲበዛ ቅንጣቷ የጎደላትን ሙል የሚሞሉላትን አዮኖች ከቅርብ ስለምታገኝ ጉሟ ይሳሳል። ጨው በ100 እጅ ሲጨምር የጉሙ ውፍረት በ10 እጅ ይቀንሳል። በአንድ ሊትር ውስጥ 6 ሚሊ ግራም ያህል የገበታ ጨው ብቻ ቢኖር (የዝናብ ውሃ ከዚህ ብዙ አይርቅም) ጉሙ 30 ናኖ ሜትር ያህል ነው፤ ናኖ ሜትር የማይክሮን አንድ ሺህኛ ነው። ጨው ወደ 600 ሚሊ ግራም ሲያድግ ጉሙ 3 ናኖ ሜትር ይሆናል። በባሕር ውሃ ውስጥ ግማሽ ናኖ ሜትር እንኳ አይሞላም። ያን ጊዜ የተጋጩት ቅንጣቶች ከመሳሳቡ ክልል ይገቡና ተጣብቀው ይቀራሉ። ሁለቱ ሦስተኛ ይስባሉ፣ ሦስቱ ሌላ ይጨምራሉ፣ እንዲህ እያለ ውሃው ውስጥ ጓል ይታያል። አጓትና አይብ ሲለያይ ያየ ሰው መልኩን ያውቀዋል፤ ትናንሽ እብቆች ብቅ ብቅ ይሉና ተያይዘው ይወርዳሉ።

(ይህን የመገፋፋትና የመሳሳብ ሚዛን በሒሳብ የጻፉት ሁለት ቡድኖች ናቸው። ደርያጊንና ላንዳው በሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1941፣ ፈርቬይና ኦቨርቤክ በሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1948። ሒሳቡ ለእኛ ደረጃ ስለሚከብድ አልፈዋለሁ።)

አንድ ብልኅ ተማሪ ግን እዚህ ላይ እጁን ያወጣል። «ጓሉ እኮ በውስጡ ውሃ የያዘ፣ እንደ ስፖንጅ የላላ ነገር ነው። ታዲያ ቀልሎ ሳለ እንዴት ፈጥኖ ይወርዳል?» ይላል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በስቶክስ ሕግ እንመልሰው። ዲያሜትሩ 100 ማይክሮን የሆነ ጓል እንውሰድ። ውስጡ ውሃ ስለሞላ ከውሃ የሚበልጥበት እፍግታ ከጠንካራዋ ቅንጣት 33 ጊዜ ያነሰ ነው እንበል። ዲያሜትሩ ግን ከባለ 2 ማይክሮኗ 50 እጥፍ ነው፤ የ50 ካሬ 2,500 ነው። 2,500ን ለ33 ስናካፍል 75 ይመጣል። ጓሉ ቢቀልም 75 ጊዜ ይፈጥናል! 7 ሰዓት ከ40 ደቂቃ የነበረው መንገድ ወደ 6 ደቂቃ ወረደ። ይህን ስሌት ሰሌዳ ላይ ቢሠሩት ከአንድ ገጽ ማብራሪያ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ቀጥሎ ደግሞ ሁሉም ጨው እኩል እንዳልሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ሹልዝ እ.ኤ.አ. በ1882፣ ሃርዲ ደግሞ በ1900 እንዳሳዩት ዋናው ነገር የአዎንታዊው አዮን ሙል ብዛት ነው። ሶዲየም ሙሉ 1፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም 2፣ አሉሚኒየም 3 ነው። በንድፈ ሐሳቡ የሚያስፈልገው የአዮን መጠን በሙሉ ቁጥር ስድስተኛ ርቢ ይቀንሳል። 2 ስድስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 64፣ 3 ስድስት ጊዜ ሲባዛ 729 ነው። ማለትም አንድ የካልሲየም አዮን የ64 ሶዲየም፣ አንድ የአሉሚኒየም አዮን የ729 ሶዲየም ሥራ ይሠራል እንደ ማለት ነው። በተግባር ቁጥሩ ከአፈር አፈር ይለያያል፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይፋለስም። በከተማ የውሃ ማጣሪያዎች ውስጥ የገበታ ጨው ሳይሆን የአሉሚኒየም ሰልፌት (አለም) የሚጨመረው ለዚህ ነው፤ በሊትር ጥቂት አሥር ሚሊ ግራም ይበቃዋል። አሉሚኒየሙ በተጨማሪ በውሃው ውስጥ እንደ ዝልግልግ አመዳይ ሆኖ ይወጣና ጭቃውን እየጠረገ ይወርዳል።

የጨው ዓይነት ለውጥ እንደሚያመጣ የሚያሳይ በአገራችን የታወቀ ነገር አለ። ላንጋኖ ሐይቅ ሄዶ የዋኘ ሰው ውሃው ሻይ በወተት እንደሚመስል ያውቃል። የአባያ ሐይቅም ቀላ ያለ ድፍርስ ነው። የላንጋኖ ውሃ ከወንዝ ውሃ ይልቅ ጨዋማ ሆኖ ሳለ ለምን ጭቃውን አላወረደም? በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን የሚበዛው ጨው የሶዲየምና የባይካርቦኔት ነው፤ ውሃቸውም እንደ ሳሙና ውሃ ወደ አልካላይንነት ያደላል። እንዲህ ባለ ውሃ ካልሲየም እንደ ኖራ ድንጋይ ሆኖ ስለሚዘቅጥ ጥቂት ብቻ ይቀራል። የሚቀረው ባለ አንድ ሙሉ ሶዲየም ነው፤ ሶዲየም ደግሞ ከባሕር ውሃ መጠን በእጅጉ ባነሰበት ቦታ ደካማ አያያዥ ነው። አልካላይንነቱም ራሱ በቅንጣቶቹ ጠርዝ ላይ ያለውን አዎንታዊ ሙል ስለሚያጠፋ መገፋፋቱን ያብሰዋል። ነፋስ የሚያነሣው ማዕበልና ወንዞች የሚጨምሩት ደለል ሲታከልበት ውሃው ድፍርስ ሆኖ ይኖራል።

አሁን ወደ ክፍል ውስጥ እንግባ። ይህ ሙከራ ቤተ ሙከራ አይጠይቅም። የሚያስፈልገው ሦስት እኩል ብርጭቆ፣ ቡና መጠጫ ሲኒ፣ አንድ ባልዲ፣ ጨው፣ የጠመኔ ስብርባሪና ጥቁር አፈር ነው። ትልቁ ነገር ውሃው ነው። የጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ ካልሲየም ስላለበት ጨው ሳይጨመርበትም ጭቃውን ሊያወርድ ይችላል፤ ያን ጊዜ መምህሩ በልጆቹ ፊት ያፍራል። ስለዚህ ከጣራ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ይሻላል።

አንድ ቀን አስቀድሞ የጠመኔውን ስብርባሪ በትንሽ የዝናብ ውሃ ዘፍዝፎ ማሳደር ነው። ጠመኔ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከጂፕሰም፣ ማለትም ከካልሲየም ሰልፌት ስለሆነ ካልሲየሙ ይሟሟል። በማግሥቱ ከላይ የጠራውን ብቻ ቀስ አድርጎ መቅዳት፤ ዱቄቱ ከገባ ብርጭቆውን ራሱ ያደፈርሰዋል። ከዚያ አንድ ጭብጥ አፈር በባልዲው ውሃ ውስጥ በደንብ ማሸት፣ አሸዋና ደቃቅ ደለል እንዲወርድ 10 ደቂቃ መተው፣ ከላይ ያለውን ድፍርስ በሦስቱ ብርጭቆዎች እኩል መቅዳት። ይህን የ10 ደቂቃ ቆይታ የሚዘሉ አሉ፤ ከተዘለለ ግን በሦስቱም ብርጭቆ ሥር ወዲያው አሸዋ ይታይና ልጆቹ ልዩነቱን አያዩትም።

በመጀመሪያው ብርጭቆ አንድ ሲኒ የዝናብ ውሃ እንዲሁ ይጨመራል። በሁለተኛው አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው የሟሟበት አንድ ሲኒ፣ በሦስተኛው አንድ ሲኒ የጠመኔ ውሃ። በመጀመሪያው ላይ ንጹሕ ውሃ የምንጨምረው ለምንድን ነው? ሦስቱም እኩል እንዲቀጥኑ ነው። ይህ ካልተደረገ «ውሃ ስለበዛበት ነው የጠራው» የሚል ልጅ ይነሣል፤ ልክም ነው። ከተማሰሉ በኋላ ከመስኮት ብርሃን ፊት ማስቀመጥ። በጨውና በጠመኔው ብርጭቆ ውስጥ በጥቂት ደቂቃ ጓል መታየት ይጀምራል፤ አንድ ክፍለ ጊዜ ሳይሞላም ከላይ የጠራ ውሃ ይወጣል። የመጀመሪያው በማግሥቱም ድፍርስ ነው።

እዚህ ላይ ሙከራውን ማቆም ያሳዝናል። ከጨው ብርጭቆ ላይ የጠራውን ውሃ ደፍቶ በዝናብ ውሃ መተካት፣ ማማሰል፣ እንደገና እስኪዘቅጥ ጠብቆ መድፋት። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ጭቃው መዝቀጡን እየተወ ይመጣል፤ ውሃው ተመልሶ ድፍርስ ይሆናል። ጨው ሲወጣ ጉሙ ተመልሶ ሰፋ ማለት ነው። ክብደት ነው ብሎ የሚከራከር ተማሪም ቢሆን ይህን ካየ በኋላ ስለ አዮን ለመስማት ጆሮ ይሰጣል።

ልጆች ይህን አይተው ቤታቸው ሄደው በመጠጥ ውሃ ላይ ጨው እንዳይጨምሩ ማስጠንቀቅ የመምህሩ ግዴታ ነው። የጠራ ውሃ ንጹሕ ውሃ አይደለም። ከጭቃው ጋር አንዳንድ ተሕዋስያን ተያይዘው ቢወርዱም በሽታ የሚያመጡት ብዙዎቹ ውሃው ውስጥ ይቀራሉ፤ ማፍላት ወይም በክሎሪን ማከም የግድ ነው። ለማጥራቱ ብቻ ከሆነ ከጨው የተሻለ ነገር አለ። በሱዳን የናይል ዳር ሴቶች የሽፈራው ዛፍ ፍሬ ወቅጠው ድፍርሱን ውሃ ያጠሩበት ነበር። በፍሬው ውስጥ ያለው ፕሮቲን አዎንታዊ ሙል ስላለው አሉታዊውን የሸክላ ቅንጣት ያያይዛል፤ ጨውነት ሳይኖረው የአለምን ሥራ ይሠራል ማለት ነው። በደቡብ ቅጠሉ የሚበላው የእኛ ሽፈራው የዚሁ ዘመድ ነው፤ ፍሬውም ይኸው ጠባይ አለው።

በትልቁ ሲታይ ይኸው ነገር በወንዝ አፍ ላይ ይፈጸማል። ከደጋው ተሸርሽሮ በዓባይ የሚወርደው አፈራችን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ስለሆነ ስሜክታይት ይበዛበታል። የአስዋን ትልቁ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ከመጠናቀቁ በፊት ወንዙ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ደለል ወደ ታች ይወስድ ነበር፤ ከፊሉ በግብፅ እርሻ ላይ ሲቀር የተረፈው ሜዲቴራኒያን ባሕር ይደርሳል። የወንዙ ውሃ በሊትር ከግማሽ ግራም ያነሰ ጨው ሲኖረው የምሥራቅ ሜዲቴራኒያን ውሃ በኪሎ 39 ግራም ያህል አለው። ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ሲንሳፈፍ የመጣ ቅንጣት ሁለቱ ውሃዎች ሲቀላቀሉ ይጓጉላል፤ ለመጓጎል የባሕሩ ሙሉ ጨው እንኳ አያስፈልግም፣ በሊትር ጥቂት ግራም ሲደርስ ይጀምራል። ለዴልታው መሠራት ወንዙ ባሕር ሲገባ ፍጥነቱን ማጣቱ አንዱ ምክንያት ሲሆን ይህ መጓጎል ሌላው ነው። ያልዘቀጠውን የባሕር ሞገድ ወደ ምሥራቅ እየወሰደ እስከ እስራኤል ጠረፍ ድረስ አንጠፍጥፎታል፤ እዚያ ባሕር ሥር ያለው ጭቃ ብዙው የኢትዮጵያ ደጋ አፈር ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ ግን ደለሉ በየግድቡ ይቀራል፤ በሱዳን ሰናርና ሮዝሬስ፣ በግብፅ አስዋን፣ በእኛም ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ። በእነዚህ ውስጥ የሚዘቅጠው በጨው ሳይሆን ውሃው ረግቶ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ነው።

በመጨረሻ በእርሻ በኩል ያለውን ላንሣ፤ እርሻ ለምናስተምር ይጠቅመናል። በመካከለኛው አዋሽ፣ በመልካ ሰዲና በአሚባራ፣ በመስኖ የለማው መሬት የተወሰነው በጨው ተጎድቶ ከምርት ወጥቷል። መሬቱ ጨው ሲበዛበት ተክሉ ውሃ መሳብ ያቅተዋል፤ ሸክላው ግን ጓል ሆኖ ስለሚቆይ ውሃ ያሳልፋል። ጨውን ለማጠብ ተብሎ ንጹሕ ውሃ ብቻ ሲለቀቅ፣ በሸክላው ላይ የተያዘው አብዛኛው ሶዲየም ከሆነ፣ ልክ ብርጭቆው ውስጥ እንዳየነው ጓሉ ይፈርሳል። የተበተኑት ቅንጣቶች የአፈሩን ቀዳዳ ይደፍናሉ፤ ውሃ ከላይ ይተኛል፣ ሲደርቅም እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል፣ ቡቃያም አያወጣም። እንዲህ ያለው መሬት ከመታጠቡ በፊት ጂፕሰም ይሰጠዋል፤ ካልሲየሙ ሶዲየሙን አስለቅቆ ቦታውን ይይዛል፣ ከዚያ በኋላ ውሃ ቢለቀቅበት ሶዲየሙ ታጥቦ ይሄዳል። ጂፕሰም በአገራችን በዓባይ በረሃ በጎሐ ጽዮን በኩል ይገኛል። በአንድ ሊትር ውሃ የሚሟሟው ከ2 ግራም ትንሽ በልጦ ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ መሬት ላይ ከተበተነ ቀስ እያለ ለረጅም ጊዜ ካልሲየም ይሰጣል።